የአዘቦት ቀን ደስታ፦ በእምነትና በቤተሰብ መሐል ከየት ይገኛል?

ማለዳ ተነሺ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬን ሳላንዛዛ ላቅርብ።

አማኝ ነኝ። ባለቤቴን እወደዋለሁ፤ ልጆቻችን ጤነኞች ናቸው፤ ይህ ነው የሚባል ችግር የለብንም። እሑድ መዝሙር ሲዘመር ልቤ ሞልቶ ይፈሳል። ሰኞ ጠዋት ግን አንዱ ልጅ ካልሲው ጠፍቶበት ያለቅሳል፣ ሌላዋ ከአልጋ አልወርድም ትላለች፣ ባለቤቴ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ይንቆራጠጣል፣ እኔም እጮሃለሁ። ከዚያ እስከ ማታ ሥራ ነው። ማታ ድካም። ሳምንቱ በዚህ ያልፋል።

ተመስገን የማይባልበት ኑሮ አይደለም። ግን ደስታው አይሰማኝም። ሁልጊዜ የምጠብቀው ቀጣዩን ነው፦ ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ፣ ሥራው ሲቀል፣ ዕረፍት ሲመጣ። በተራው ቀን፣ በሥራና በልጆች ግርግር መሐል፣ እምነታችሁና ቤታችሁ ደስታ የሆኑላችሁ እንዴት ነው? ጸልዪ ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ እጸልያለሁ። ቤታችሁ ውስጥ የምታደርጉትን ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች አባት፦

እህቴ፣ ይህ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ" ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። በዚያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ፣ ቢያገኝም ቢያጣም የሚኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን እንደተማረ ይናገራል። አብሮት የተወለደ ጠባይ አልነበረም። በአንድ ሌሊት ጸሎትም አልወረደለትም። ተማረው። የተማረበት መንገድ ደግሞ ረሃብ፣ እስርና መንከራተት ያለበት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ማረፊያ ነው። ዛሬ ደስታ ካልተሰማኝ እምነቴ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ገና እየተማርኩ ነው ማለት ነው።

ቤታችን የምናደርገውን ልንገርሽ። ዘዳግም 6 ላይ እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆቻችሁ አስተምሩ ሲል ሰዓቱንም ይጠቅሳል፦ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ። ሁሉም የአዘቦት ሰዓት ነው፤ ስለ በዓል አይደለም የሚያወራው። እኛ የመኝታውን ያዝን። መብራት ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዳችን ከቀኑ አንድ ነገር አንስተን እናመሰግናለን። ሕጉ አንድ ነው፦ "ስለ ሁሉም ነገር" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዛሬ የሆነ፣ በስሙ የሚጠራ ነገር መሆን አለበት።

አንድ ማታ ትንሹ ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበ። ከዚያ "ጌታ ሆይ፣ የጫማዬን ክር አባዬ ሳይረዳኝ ስላሰርኩ አመሰግንሃለሁ። የግራውን ብቻ ነው" አለ። ያን ጠዋት አጠገቡ ቆሜ ነበር። በጸሎቱ እስኪጠራው ድረስ ግን ነገሩ ትልቅ መሆኑ አልታየኝም። ለእሱ የቀኑ ድል ነበር። በማግስቱ የቀኙን ሲታገል ቁጭ ብዬ አየሁት። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ፣ አፍርሶ፣ እንደገና ጀምሮ... ያን ቀን ሥራ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው። ምስጋና እኛ ቤት እንዲህ ይሠራል። የሌለ ደስታ አይፈጥርም፤ ያለውን ያሳያል።

አያት ነኝ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ አሳድገሽ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። ከላይ የተጻፈው ደግ ምክር ነው። እኔ ስለ ባለቤትሽ ልጨምር።

ልጆች ትንንሽ ሳሉ ባልና ሚስት የሥራ ባልደረባ ይሆናሉ። "ማን ይወስዳቸዋል? ያንን ከፈልክ? መድኃኒቱን ሰጠሽው?" ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። ልጆቹ አድገው ሲወጡ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጡና የሚያወሩት ያጣሉ። በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ስለዚህ የሁለታችሁ ጨዋታ ከአሁኑ እንዳይቋረጥ። መክብብ 9 ላይ ጠቢቡ ከምትወዳት ሚስትህ ጋር ደስ ብሎህ ኑር ሲል፣ ዘመኑ አላፊ ሥራውም ድካም መሆኑን በዚያው ቁጥር እየተናገረ ነው። ድካሙ እስኪያልቅ ጠብቅ አላለውም።

ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን ሲሰብክ ቤታችሁን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጉት ይል ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ጸሎትና ንባብ ብቻ ነው። እኔ ግን ሰላምታው ይታየኛል። ባለቤትሽ ማታ ሲገባ ከያዝሽው ሥራ ቀና ብለሽ ፊቱን እይው። እሱም እንዲሁ ያድርግ። እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተኳርፈን እንኳ ሰላምታ አንነፋፈግም ነበር። ከኖርነው ደስታ ብዙው የመጣው ከዚያች ትንሽ ነገር ነው።

ያልተዋጠልኝ፦

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የማታ ጸሎት እኛም ቤት ተሞክሯል። ትንንሾቹ ያዛጋሉ፣ ትልቋ ትራስ ሥር ስልኳን ታያለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም አኩርፈን አሜን እንላለን። ደስታ ይመጣበታል የተባለው ነገር ሌላ ሸክም ሆነ። የክርስቲያን ቤት ማለት ሁሉም ተሰልፎ የሚዘምርበት ቤት ከሆነ የእኔ ቤት አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ያለን ሰዎች የት እንሂድ?

የሁለት ልጆች አባት፦

ወንድሜ፣ የትም አትሂድ። አሳጥረው። እኛ ቤት ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ቆላስይስ 3 ላይ ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻችሁን አታበሳጩ ይላል። የጸሎት ሰዓትም ልጅን የሚያበሳጭ ከሆነ ይህ ቃል እሱንም ይመለከታል። ጸሎቱ አይቅር፤ በጸሎት ስም የሚሰጠው ተግሣጽ ይቅር። ልጆች ይህን ወዲያው ይለዩታል። "ጌታ ሆይ፣ እህቱን የሚመታውን ልጅ ልብ ስጠው" የሚለው ጸሎት ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለልጁ የተላከ መሆኑን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል።

መንገደኛዋ፦

እኛ ቤትም መቀመጡ አልሆነልንም። ልጆቼ ሲቀመጡ ይቁነጠነጣሉ፣ ሲራመዱ ያወራሉ። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አደረግነው። በየተራ የሚጸለይለትን ሰው ይመርጣሉ፤ እየሄድን፣ ዓይናችን ተከፍቶ፣ በአንድ አረፍተ ነገር እንጸልያለን። መምህራቸው፣ አያታቸው፣ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግራቸው ልጅ... የሚያስቸግረው ልጅ ስም ሲጠራ ሰምቼ በጣም ገርሞኛል። እኔ አልነገርኳቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በአንድ ገዳም ማብሰያ ቤት ያገለግል የነበረ ወንድም ሎውረንስ የሚባል ሰው ነበር። በማብሰያ ቤቱ ጫጫታ መሐል፣ ሁሉም በየፊናው እየጠራው፣ እግዚአብሔርን ተንበርክኮ እንደሚጸልይ ያህል በሰላም አገኘዋለሁ ይል ነበር። የጠዋት ግርግር ሲበዛብኝ የእሱ ነገር ትዝ ይለኛል። ጸጥታ እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አልጸልይም።

ብቻዬን የምኖር፦

የጻፋችሁትን ሁሉ በደስታ አነበብኩ። እኔ ግን ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም። ማታ ስገባ በሩን የምከፍተው እኔው፣ መብራቱን የማበራው እኔው ነኝ። የክርስቲያን ደስታ ትዳርና ልጅ ነው የሚል ነገር ስሰማ ደጅ የቀረሁ ያህል ይሰማኛል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እንደኔ ያሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁና ስለ እነሱም ልናገር።

ጌታችን አላገባም። ጳውሎስም ሚስት አልነበረችውም። ጌታ እናቱና ወንድሞቹ ደጅ ቆመው ሲያስጠሩት፣ ዙሪያውን የተቀመጡትን ተመልክቶ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያደርግ ሁሉ ወንድሜ፣ እኅቴም፣ እናቴም ነው አለ። መስቀል ላይ ሆኖ ደግሞ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጠ። ዮሐንስ ወንጌል 19 ላይ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደቀ መዝሙሩ ወደ ቤቱ ወሰዳት ይላል። በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል የመጨረሻ ሥራው ከነበሩት አንዱ ለሁለት ሰዎች ቤት መስጠት ነበር።

ሌላም የምወደው ቦታ አለ። ሮሜ 16 ላይ ጳውሎስ ሰላምታ ሲልክ ሩፎንን ይጠራና ለእናቱ፣ ለእኔም እናት ለሆነችው ሰላም በሉልኝ ይላል። ስሟ አልተጻፈም። ግን ያ ከአገር አገር የሚዞር ሰው እናቴ የሚላት ሴት ነበረችው። እሷ ለአንድ የሰው ልጅ እናት ለመሆን ቦታ አላጣችም።

እኔም እንዲህ ያለ ቤት ተሰጥቶኛል። ሐሙስ ሐሙስ ከጉባኤያችን አንድ ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ። ስገባ እናትየዋ ሕፃኑን እጄ ላይ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ማንም ተቀመጪ አይለኝም፣ ማንም አያስተናግደኝም። ሕፃኑ ከተኛ የታጠበውን ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ትልቁ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ አጠገቤ ይመጣና አሳዪኝ ይላል። እንግዳ አለመሆን ምን ያህል ደስ እንደሚል ቤተሰብ ያለው ሰው ላይገባው ይችላል። ቤተሰብ ያላችሁ፣ እባካችሁ በራችሁን ክፈቱልን። ቤቱ እስኪጸዳ አትጠብቁ።

አያት ነኝ፦

ልጄ፣ ተባረኪ። ከሁላችንም የበለጠ ጽፈሻል። እኔም ልጆቼ ከወጡ በኋላ በሬን ዘግቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ረዘም ብሏል። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ ስንወጣ የምጠራው ሰው አስቤአለሁ።

ነርስ ነኝ፦

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። እህቴ፣ ደስታው አይሰማኝም ያልሽው ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የተለመደ ድካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜትሽ ከወደቀ፣ ወይም በፊት ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ደስ ማለቱን ካቆመ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተለወጠ፣ ሐኪም አማክሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የስሜት መውደቅም ቢሆን ሕክምና አለው። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለአንድ ቀንም አታሳድሪው፤ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

አንደኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስን አስታውሱ። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ሁሉ ካየ በኋላ፣ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በምድረ በዳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ አለ። መልአኩ መጥቶ እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ዳሰሰው፣ ተነሥና ብላ አለው። እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እግዚአብሔር ነቢዩን ያነሣው በምግብና በእንቅልፍ ጀምሮ ነው፤ ንግግሩ የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። በሥራዬ ላይ መተኛት ያጡ እናቶች መንፈሳዊ ድክመት ነው ብለው ራሳቸውን ሲኮንኑ አያለሁ። አንዳንዴ የሚያስፈልጋት ሌላ የጾም ፕሮግራም ሳይሆን ባሏ ልጁን ይዞ እሷ ስድስት ሰዓት ተኝታ መነሣቷ ነው።

ማለዳ ተነሺ፦

ነርሷ የጻፈችውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እሱ ሊይዝ ተስማማን። ስለ ጤናዬም ቀጠሮ እይዛለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ጠዋት የምንጨቃጨቀው ነገር ቀኑን ሙሉ ውስጤ ይቀራል። ትልቅ ጠብ አይደለም፤ አንዲት የሻከረች ቃል ናት። ማታ ስንገናኝ ሁለታችንም እንደረሳነው እናስመስላለን። ያገባችሁ፣ ይህን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

አብረን እንኑር፦

እኛ ኤፌሶን 4 ላይ ያለውን "በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" የሚለውን ቃል የቤታችን ሕግ አድርገነዋል። ግን ስንጀምር አንድ ነገር ከበደን። ሌሊት ሁለታችንም ደክመን፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካልተከራከርን አንተኛም እያልን ጠቡን እናሰፋው ነበር። ሽማግሌያችን ያስተካከሉን እንዲህ ብለው ነው፦ ጉዳዩ ነገም ይነጋገሩበታል፤ ማታ መብረድ ያለበት ቁጣው ነው። እውነታቸውን ነው።

የእኛ ቦታ የዕቃ ማጠቢያው ነው። እሱ ያጥባል፣ እኔ እየተቀበልኩ አደርቃለሁ። ፊት ለፊት አንተያይም፤ ይህ ራሱ ይረዳል። አንድ ማታ ሳህኑን እየሰጠኝ፣ ሳይለቀው፣ "ጠዋት በልጆቹ ፊት ያልኩሽ ልክ አልነበረም" አለኝ። ሳህኑን ሁለታችንም ይዘነዋል፤ ውኃው እጄ ላይ ይንጠባጠባል። "እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አልኩት። ለቀቀው። ሌላ ንግግር አልነበረም። ጓዳ የነበሩት ልጆች ግን ሰምተዋል፤ ትልቁ በማግስቱ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ቃሉ የአባቱ ቃል ነበር።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባለትዳሮችን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ጸንተው የሚቆዩት ጥንዶች በጠብ ሰዓት እንኳ ለአንድ መጥፎ ነገር አምስት ያህል መልካም ነገር ይለዋወጣሉ ይላል። መልካም ያለው ፈገግታ፣ ማዳመጥ፣ ትከሻ መንካት፣ "ገባኝ" ማለት ነው። አየሽ፣ ትልቅ ስጦታ አይደለም። ነገር ግን ይቅርታውን በቃል ተባባሉት። እንደረሱት ማስመሰል እኛንም ለረጅም ጊዜ አድክሞናል።

የማያምን ባል ያለኝ፦

በአጭሩ። ባለቤቴ አያምንም። አብረን አንጸልይም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ አልደብቅም። ግን ደግ አባት ነው፣ ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን እስከ በር ያደርሳቸዋል፣ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይህንንም ከእግዚአብሔር እንደ ስጦታ እቀበላለሁ። እንደ እኔ ላላችሁ የምለው፣ ባላችሁ ላይ የምታመሰግኑበትን ፈልጉና ለራሱ ንገሩት። በስብከት ያልተከፈተ ልብ በዚህ ሲለሰልስ አይቻለሁ።

ቤቴ ባዶ የሆነ፦

ስለ ደስታ በሚወራበት ቦታ መጻፍ ይከብደኛል። ሚስቴን ቀብሬአለሁ። ብዙ ሰው አጽናናኝ፤ አንዳንዱ ግን "አማኝ ነህ፣ አታልቅስ" አለኝ።

ዮሐንስ 11 ላይ ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። አስቀድሞ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ሆኖም ማርያም ስታለቅስ ሲያይ "ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ።" ትንሣኤውን እያወቀ አለቀሰ። እኔም ትንሣኤን አምናለሁ፤ አለቅሳለሁም። ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ የሚለው ትእዛዝ ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ከሚለው ጋር በአንድ ቁጥር ውስጥ ነው።

አሁን በሳምንት የተወሰነ ቀን የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። አያቷ ትዘምረው የነበረውን መዝሙር ትዘምራለች፤ ግጥሙን ግማሹን አሳስታ ነው። አላርማትም። አብሬአት እዘምራለሁ። ይህ ደስታ ነው ወይስ ሐዘን ብትሉኝ ሁለቱም ነው፤ እግዚአብሔር አንዱን እስክጨርስ ድረስ ሌላውን አልከለከለኝም።

ብቻዬን የምኖር፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንኳን ጻፉ።

ያልተዋጠልኝ፦

አባታችን፣ አመሰግናለሁ። ብዙ አስተማራችሁኝ። ጸሎቱን አሳጥረነዋል፤ ትንንሾቹ ወደውታል። ትልቋ ግን አሁንም ዝም ናት። 15 ዓመቷ ነው። ልተዋት ወይስ ልያዛት?

ገና ተማሪ ነኝ፦

ጋሼ፣ በዕድሜ ለልጅዎ የምቀርብ እኔ ነኝና ልመልስ። እኔም በዚያ ዕድሜ ማታ ማታ ዝም እል ነበር። አላምንም ማለቴ አልነበረም። ሁሉም ሰው እየሰማኝ የውስጤን ማውጣት አፍር ነበር። ትንንሾቹ ስለ ኳሳቸው ሲያመሰግኑ እኔ ምን ልበል? የእኔ ነገር ክፍል ውስጥ ጓደኞቼ ስላገለሉኝ ነበር።

አባቴ አንድ ቀን በመኪና ብቻችንን ስንሆን "በዚህ ሳምንት ስለ ምን ልጸልይልሽ?" አለኝ። መንገዱን እያየ ነው የጠየቀኝ። "ስለ ፈተና" አልኩት፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እሺ አለና ዝም አለ። ከፈተናው በኋላ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ያኔ ነው እውነት ይጸልይልኝ እንደነበር ያመንኩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የጓደኞቼን ነገር ነገርኩት። ለእናቴ ልንገራት ወይ ብሎ አስፈቀደኝ። ወዲያው ምክር አልሰጠኝም። ዛሬም ከቤት ርቄ እየተማርኩ በየሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ በስልክ ይልክልኛል።

ስለዚህ ማታ ዝም ብትል ይተዋት፤ አብራችሁ ትቀመጥ ብቻ። ጥያቄውን ብቻዋን ስትሆን ይጠይቋት፤ ትንሽ ነገር ከነገረችዎት እሱን አይናቁባት፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ተመልሰው ይጠይቋት።

ያልተዋጠልኝ፦

ነገ ከስፖርት የማመጣት እኔ ነኝ። እጠይቃታለሁ።